መሰኪያው ላይ የተጋደመ አተር

የእህቴን የቤሪልን ባል፣ ክሊፍን፣ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፤ አርባውንም ዓመት አሳርሮኛል። እንግሊዝ አገር፣ ባርንስሊ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ በሳምንት ሦስት ቀን ቤሪልን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ያመላልሳታል። ቻርጅ የሚያደርገው ግን የሻይ ማፍያ በሚሰካበት የወጥ ቤት ሶኬት ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመብራት ሠራተኛ ነበርኩ። "መሰኪያው ውስጥ ያለችው ፊውዝ ሻይ እስኪፈላ ትሞቅና ትበርዳለች፤ አንተ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ትጠብሳታለህ! ግድግዳው ላይ የመኪና ቻርጀር ልግጠምልህ" ብዬ ስንቴ ለመንኩት! "ቆይ እስቲ፣ ይደርሳል" ይለኛል። ኧረ የሰው ድርቅና!

እሁድ ልጠይቃቸው ስገባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከበር ተቀበለኝ። ወጥ ቤት ሄጄ ባይ፣ ከፍሪዘር የወጣ የአተር ከረጢት መሰኪያው ላይ ተጋድሟል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

"ክሊፍ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ማቀዝቀዣ ነዋ። ሲግል ፊውዟ ትቃጠላለች፤ ፊውዟ ከተቃጠለች መኪናው ባዶውን ያድራል፤ ቤሪል ነገ እጥበቷ ቀረ ማለት ነው።"

"ውሃና መብራት? አብደሃል እንዴ?"

"ከረጢቱ እኮ አልተቀደደም።"

መብራቱን አጥፍቼ መሰኪያውን ስነቅለው ጣቴን ፈጀኝ። ፊውዟ የተቀመጠችበት በኩል ቀልጦ ጠቁሯል። መሰኪያውን ክሊፍ አፍንጫ ስር ደቀንኩት።

"እህቴ የምትተኛው ከዚህ በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው! በስስትህ በእሳት ልታስበላት ነው?"

ክሊፍ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ጎንበስ ብሎ አተሩን አነሳ።

"ተወው፣ ኖርማን" አለችኝ ቤሪል ሳሎን ከተቀመጠችበት። "አይገጠም ያልኩት እኔ ነኝ። የገና በዓል ካለፈ በኋላ እጥበቱን አቆማለሁ፤ በቃኝ፣ ደክሞኛል። ለሁለት ወር ብላችሁ ግድግዳዬን ልትበሱት ነው?"

እጥበቱ ከቆመ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በላይ አትቆይም። ክሊፍ አተሩን እንደያዘ መስኮቱን ያያል፤ ያውቅ ኖሯል። ከዚያ ንዴቴ ተመልሶ መጣ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እንጃ።

"ሲደክምሽ አቁሚ፤ የራስሽ ጉዳይ ነው" አልኳት። "ነገ በኔ መኪና ትሄጃለሽ። ስትመለሺ ቻርጀሩ ተገጥሞ ይጠብቅሻል።"

"ለሁለት ወር?"

"አዎ፣ ለሁለት ወር!" ብዬ ጮህኩባት።