በራዲዮ የሞቱት ሆበርት ታኬት

ጎርፉ ሲመጣ ኦርሊና ታኬት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በኬንታኪ ተራሮች መሃል ወንዝ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አባቷ ሆበርት ጣሪያው ላይ አወጧት፤ የቀሚሷን ቀበቶ ከኋላ ጨምድደው ይዘው ከጠዋት እስከ አመሻሽ ተቀመጡ። ላማቸው በአጠገባቸው ተንሳፍፋ አለፈች። ቀጥሎ የጎረቤት መጸዳጃ ቤት በሩ እንደተዘጋ አለፈ። ሆበርት ትክ ብለው አዩትና "ሰው ካልገባበት ደኅና ነው" አሉ። በመጨረሻ ጀልባ ደርሶላቸው ከገቡ በኋላም የሆበርት ጣቶች ደርቀው አልዘረጋ ስላሉ ቀበቶው በቢላዋ ተቆረጠ።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ኦርሊና ያንን ቀን ዘፈን አደረገችው፤ ጊታሯን ይዛም የዘፋኞች ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል ወረደች። እዚያ የተቀበላት ሃሎዌይ የሚባል የዘፈን አሳታሚ ነው። ሃሎዌይ የከብት ጠባቂ ቡትስ ይጫማል፤ ከብት የሚያውቀው ግን በሳህን ላይ ነው። ዘፈኑን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ጥሩ ነው፣ ችግሩ አባትየው መትረፋቸው ነው አላት። ሰው መኪናውን እያሽከረከረ የሚያለቅሰው አባት ሲሞት ነው እንጂ ጀልባ ሲመጣ አይደለም ብሎም አስረዳት። ኦርሊና ሦስት ቀን አሰበች። ሃያ ዓመት የሠሩበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ያልገደላቸውን ሰው በአራተኛው ቀን በአንዲት ስንኝ ጎርፍ አስወሰደቻቸው።

ይህ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ነው። በሁለት ወር ውስጥ በአገሩ ራዲዮ ሁሉ አራተኛ ደረጃ ያዘ። የከባድ መኪና ሾፌሮች መንገድ ዳር እያቆሙ አለቀሱ ተባለ። የማያውቋቸው ሴቶች ወደ ታኬት ቤት የሐዘን ካርድ ላኩ። ሆበርት መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ያነቡ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ደግ ነገር የጻፈላቸው ሰው አልነበረም። የእህል መደብሩ ሽማግሌዎች ግን አልማሯቸውም። እሳቸው ሲገቡ ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ይደፋሉ።

"ነፍስ ይማር፣ ሆበርት" ይላቸዋል ባለ መደብሩ። "ዛሬ ምስማር ነው የዶሮ መኖ?"

ሆበርት አብረው ይስቃሉ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ሳቁ የለም። አንድ እሑድ ስልክ ጮኸና እህታቸው ዜቲ አንስታ ኦርሊና መሆኗን ነገረቻቸው።

"የሞተ ሰው ስልክ አያናግርም በያት" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ኦርሊና በየእሑዱ ትደውላለች፤ ዜቲ ያንኑ መልስ ትሰጣታለች። ዘፈኑ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ። ኦርሊና ግን ስልኩን በዘጋች ቁጥር ደስታዋ ይጎድል ጀመር።

በግንቦት የመጨረሻ እሑድ የሸለቆው ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ መቃብር ያጸዳል፤ አበባ ያኖራል፤ በመቃብሮቹ መሃል ጠረጴዛ ዘርግቶም የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ ይበላል። ሃሎዌይ ይህን ሲሰማ ኦርሊናንና ምንም የማያውቅ ፎቶግራፍ አንሺ አስከትሎ መጣ። ዘፋኟ በአባቷ መቃብር ላይ ስታነባ ለመጽሔት ሊያስነሳ ነው። የሚመች መቃብር ሲፈልግ የሆበርት ታኬት ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አገኘና ሰማይ የላከለት መሰለው። ነገሩ የአገሩ ልማድ ነው። ሆበርት ሚስታቸው ሲሞቱ ለሁለት የሚሆን ድንጋይ አስቀርጸዋል፤ በራሳቸው በኩል ስማቸውና የተወለዱበት ዓመት አለ፤ የሚሞቱበት ዓመት ቦታ ባዶ ነው። ሃሎዌይ ባዶውን በአበባ ማሰሮ ሸፈነና ኦርሊናን አጠገቡ አንበረከካት።

ይሄኔ ሆበርት የእሑድ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ዶሮ የተከመረበት ሳህን ይዘው መጡና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። መብላትም ጀመሩ።

ፎቶግራፍ አንሺው ጎንበስ ብሎ፣ "ይቅርታ አባት፣ የሟቹ ዘመድ ነዎት?" አላቸው።

"ሟቹ ነኝ" አሉት።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ማኘኩን አቆመ። ሃሎዌይ ወደ ኦርሊና ጆሮ ጠጋ ብሎ ሽማግሌውን ዞር እንድታደርግ፣ አለዚያ ሁለተኛ ዘፈን የሚባል ነገር እንደማይኖር ነገራት። ኦርሊና አባቷን አየች። አባቷ የሚያዩት ዶሮውን ነው። ተነሥታ የአበባ ማሰሮውን ወደ እናቷ ስም አዛወረችና ለፎቶግራፍ አንሺው ባዶውን ቦታ በጣቷ አሳየችው። ከዚያ ጊታሯን አንሥታ ዘፈኑን መጀመሪያ እንደጻፈችው፣ ከነጀልባው፣ ዘፈነችው። ከሸለቆው ሰው አንድም ያለቀሰ የለም፤ ዜቲ ብቻ ከዘፈኑ መጸዳጃ ቤቱ እንደቀረ አስታወሰቻት።

ሆበርት በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸውን ተናገሯት። "ዶሮው ሳያልቅ ብዪ" አሏት።

ሃሎዌይ ቃሉን ጠበቀ፤ ሁለተኛው ዘፈን አልወጣም። ኦርሊና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። ሆበርት ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ፤ ባዶውን ቦታ ያስቀረጸችው እሷ ናት። ራዲዮው ግን ዛሬም አንዳንዴ በጎርፍ ይገድላቸዋል።

ስለዚያ ዘፈን ሲጠይቋት እንዲህ ትላለች፦ "ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ ይዘውኝ ዋሉ፤ ጀልባው ውስጥ ከገባን በኋላም አልለቀቁኝም። እኔ በአንድ ስንኝ ለቀቅኳቸው። ዶሮው ሳያልቅ መድረሴ ነው ትልቁ ነገር።"