ሳልውጣት የሰነበትኳት የልብ ክኒን

ልቤን በእናቴ ማኅፀን ሳለሁ ማንም ሳያዝዘው ያስመታው፣ እስከ ሽበቴም ድረስ ሳይታክት የጠበቀው አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ አንድ አምላክ ስሙ ይመስገን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ እዚህ አዳማ በአንድ ሆስፒታል ተኝቼ አንዲት ክኒን ለመዋጥ ከሳምንት በላይ የፈጀብኝን ነገር እጽፋለሁ። ክኒኗ ጠፍታ አልነበረም፤ በገባሁ ማግስት እስከ አልጋዬ ቀርባልኝ ነበር። ያዘገያት የእኔና የወዳጆቼ ደግነት ነው።

ሕመሙ የያዘኝ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው። ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ልቤ ሦስትና አራት ጊዜ ተከታትሎ ይመታና፣ ቀጥሎ ደግሞ የረሳ ይመስል ይዘገያል። ባለቤቴ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሐኪሙ ደረቴ ላይ ገመድ አጣብቆ፣ ወረቀት አውጥቶ ካየ በኋላ፣ የልብ ምት መዛባት እንደሆነ ነገረኝ። የሚያስተካክል መድኃኒት መኖሩን፣ ነገር ግን መድኃኒቱ ከሌላ መድኃኒት ጋር ደም ውስጥ ከተገናኘ ልብን ይባስ እንደሚያዛባና አልፎም ሊያቆም እንደሚችል ገለጸልኝ። ስለዚህ ቤቴ ወስጄ የምውጠው አይደለም። ኩላሊቴና በደሜ ውስጥ ያለው ጨው ይመረመራል፤ ከዚያ አልጋ ላይ ሆኜ፣ በሞኒተር እየታየሁ፣ ከእያንዳንዱ ክኒን በኋላ ኢሲጂ የሚሉትን ያንኑ የልብ ወረቀት እየተነሣሁ ሦስት ቀን እቆያለሁ።

ይህን እንድትከታተል የተመደበችው ከደራ የመጣች ወጣት የመድኃኒት ባለሙያ ነበረች። እምነቷ ፕሮቴስታንት ነው፤ አክብሮቷ ግን በቤተ ክርስቲያን ካስተማርኳቸው የመንፈስ ልጆቼ አያንስም። መዝገቧን ገልጣ፣ “አባባ፣ ቤትዎ የሚወስዱት ክኒን አለ? ለጨጓራም፣ ለሳልም፣ ለራስ ምታትም ቢሆን ይንገሩኝ” አለችኝ።

ምንም የለም አልኳት።

ይህን ያልኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያስተማርኳቸው ሰዎች ከጠበል በቀር ክኒን የማያውቅ አባት እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር፤ እኔም ምስጋናውን አልመለስኩላቸውም። ሁለተኛው፣ ክኒኖቹን የሰጡኝ ሰዎች በፍቅር ነው የሰጡኝ። በሰፈራችን ክኒን እንደ እርሾ ነው፤ ለአንዱ ታዝዞ የተረፈው ለጎረቤት ይተርፋል። ወዳጅን በሆስፒታል መዝገብ ማስጻፍ እንደ መክሰስ ሆኖ ታየኝ።

በማግስቱ ምርመራው ደርሶ፣ ክኒኗ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቀረበችልኝ። ልጅቱ ውሃ እየቀዳችልኝ ሳለ የዕድራችን ዳኛ ስድስት አባላት አስከትሎ፣ ሁሉም ሙዝ ይዘው ገቡ። ዳኛው ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሰዓት ያከብራል፣ የጠያቂ ሰዓትን ግን አያከብርም። ጉልበቴን ስሞ ገና ቀና ሳይል፣ “የኔታ፣ ያ የሰጠሁዎት የጨጓራ ክኒን ተስማማዎት? አልቆ እንደሆነ ብዬ ጨምሬ መጥቻለሁ” አለና ከኮቱ ኪስ አንድ ሙሉ ቅጠል አወጣ።

የልጅቱ እጅ ባለበት ቆመ። ቅጠሉን ተቀብላ አነበበችና የልቤን ክኒን ወደ ትሪው መለሰቻት። አልተቈጣችኝም፤ መቼ እንደዋጥኩ ብቻ ጠየቀችኝ። ከትናንት በስቲያ ነበር። ያ የጨጓራ ክኒን ኩላሊቴ የልቡን መድኃኒት እንዳያስወጣ እንደሚከለክል፣ መድኃኒቱም በደሜ ተጠራቅሞ ሊጎዳኝ ይችል እንደነበር አስረድታ፣ ሁለት ቀን እንድንጠብቅ ወሰነች። ዳኛው ስለ ክኒኑ ክብር ተከፋ። “ስድስት ዓመት ስወስደው አንድ ቀን አልከዳኝም” አላት።

ከዚያ ወዲያ ቃሌን ማመን ትታ፣ በቤት ያለውን ሁሉ እንድታመጣ ባለቤቴን ላከቻት። ባለቤቴ ክብሬን ስትጠብቅ ኖራ ነበርና እያፈረች አንድ ፌስታል አምጥታ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። በሶፍት የተጠቀለለ፣ ግማሹ የተቀደደ፣ ስሙ የጠፋ፣ ጠረኑ የተለወጠ ክኒን አንሶላዬን ሞላው። ልጅቱ አንድ በአንድ ስትለይ፣ ያበጠ እግሬ እንዲጎድል ብዬ ስወስደው የከረምኩት፣ ውሃን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን ተገኘ፤ ያን ዕለት ጠዋት በተደገመው የደም ምርመራ ፖታሲየም የተባለው ጨው ያነሰው በዚያ መሆኑ ታወቀ። የመጨረሻውን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችውና ብዙ ቈይታ፣ “አባባ፣ ይኼ የከብት ነው” አለችኝ። አዳሚ ቱሉ ያለ ዘመድ ለበሬው ትል የገዛውን አካፍሎኝ ኖሯል። እርሱን እንኳ አልዋጥኩትም። መጠኑን አይቼ ለከባድ በሽታ ይሁነኝ ብዬ አስቀምጬው ነበር።

እንደገና ቀን ተጨመረ፤ የጎደለውም ፖታሲየም በመድኃኒት ይተካልኝ ጀመር። ሙዝም ይህ ጨው አለውና ሐኪሙ ይብሉ አለኝ፤ ዕድሩ ያመጣው ግን ለሕሙማኑ ሁሉ ታድሎም አላለቀም።

ልጅቱ በጠያቂ ሰዓት ወንበር ስባ ከጠያቂዎች መካከል መቀመጥ ጀመረች። ምኔ እንደሆነች ሲጠይቋት ልጃቸው ነኝ ትላለች፤ እነርሱም በእንግድነት ብርቱካን እየላጡ ያጎርሷታል፤ በዚያው ማን ምን እንደሰጠኝ ትመዘግባለች። ነገሩ በሰፈር በተሰማ ጊዜ ግን ሌላ መልክ ያዘ። መስጠት የፍቅር ምስክር ሆነ፤ ያልሰጠ ሰው ፊቱ ይጠቁር ጀመር። አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ቈይቶ፣ እርሱም አንድ ነጭ ክኒን እንደሰጠኝ ተናገረ። ለምን ሕመም እንደሆነ ስትጠይቀው ለሁሉም የሚሆን ነው አላት። ምንም እንዳልሰጠኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በሰው ፊት ውሸታም ልበለው? ዝም አልኩ፤ በዝምታዬም አንድ ቀን ተጨመረብኝ። በማግስቱ ብቻውን መጥቶ አንገቱን ደፍቶ፣ “ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሲሰጥ እኔ ባዶ እጄን ቀርቼ አፍሬ ነው እንጂ አልሰጠሁም” ሲላት፣ የጻፈችውን ሰርዛ ወደ እኔ ዞረችና ዐውቄ እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ዓይኔን ወደ ጣሪያው አነሣሁ።

በዚህ መካከል ክፉ ወሬ ተነሣ፤ የኔታን አስተኝተው አንድ ክኒን እንኳ ነፈጓቸው ተባለ። ስለዚህ ሰዉ በዳቦ ሥር፣ በፔርሙስ ክዳን ውስጥ ክኒን ደብቆ ያስገባ ጀመር። ባለቤቴ ያገኘችውን ሁሉ ለልጅቱ ታስረክባለች። አንድ ጠዋት ግን ባለቤቴ ለፊት መታጠቢያ ውሃ ልታመጣ እንደወጣች አንዲት ጎረቤታችን “አካም ጂርቱ” ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠች ገባች። ልጄን ክርስትና ያነሣች፣ በኀዘንም በደስታም ያልተለየችን ሴት ናት። አጎንብሳ ግንባሬን ስማ በእጄ አንዲት ክኒን አኖረች። እያየችኝ ቆመች። እንቢ ማለት ከአንደበቴ አልወጣ አለና ዋጥኳት።

በዚያው ዕለት አራት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብሎ ፈቀደ። ልጅቱ ኩባያውን ይዛ መጣች። ዳኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለቤቴ፣ ጎረቤታችንም በአልጋዬ ግርጌ ቆመዋል።

“አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት። ከእኛ እጅ ውጭ የዋጡት ነገር አለ?”

ጎረቤታችን አንሶላዬን ማስተካከል ጀመረች። ኃጢአቱን ሁሉ ተናግሮ አንዷን የሚያስቀር እንዳልተናዘዘ ነው እያልኩ ያስተማርኩ እኔ፣ አንዷን ላስቀር ዳር ዳር አልኩ። ሞኒተሩ የልቤን መንገድ መሳት ለሁሉም ያሳያል።

“ዛሬ ጠዋት አንዲት ክኒን ውጫለሁ” አልኩ። “ማን እንደሰጠኝ አትጠይቂኝ።”

“የማን እንደሆነች አልጠይቅም። የምን እንደሆነች ይንገሩኝ።”

“እሱንማ አላውቅም።”

ሰጪዋ ካልተናገረች የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤታችን አንሶላውን ለቀቀችና፣ “እኔ ነኝ” አለች። “የልጄ የጉሮሮ መድኃኒት ነበረች። ይኼን ሁሉ ቀን ያለ መድኃኒት ሲያስተኟቸው እያየሁ ምን ላድርግ?” ከመቀነቷም ቀሪዎቹን ፈትታ ሰጠች። ልጅቱ የክኒኖቹን መጠቅለያ አነበበች፤ የዋጥኳትም ከልብ መድኃኒት ጋር አብረው ከማይሄዱት መካከል ነበረች። ወንበሩን ስባ ጎረቤቴን አስቀመጠቻትና፣ “እናቴ፣ ዛሬ ባይነግሩኝ ኖሮ ይህችን በላይዋ እሰጣቸው ነበር” ብላ ኩባያውን አሳየቻት። ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልጅቱም የዋጥኳት ከደሜ እስክትወጣ ሁለት ቀን ጨመረች።

ያን ጊዜ ዳኛው ተነሥቶ የዕድር ፍርድ ፈረደ። መድኃኒቱ እስኪጀመርና ሦስቱ ቀን እስኪፈጸም የሚጠይቅ ሁሉ ኪሱን በር ላይ ያስፈትሻል። እርሱ ራሱ ባርኔጣውን ገልብጦ በራፉ ላይ ቆመ፤ ከሐኪሙ ኪስ ለራስ ምታት የያዘውን ሳይቀር ተቀበለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ባርኔጣው ሞልቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክኒኗን ዋጥኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሁሉም ሞኒተሩን ሲያይ ቈየ። ልጅቱ ኢሲጂውን አንሥታ በማስመሪያ ለክታ፣ መስመሩ ጥቂት ረዝሟልና የሚቀጥለው ግማሽ ይሁን አለች። ዳኛው ወደቁ ወይስ አለፉ ብሎ ጠየቃት። በግማሽ አልፈዋል አለችው። ግማሹን ይዘን ሦስቱን ቀን ጨረስን፤ በመጨረሻው ማለዳ ልቤ በእኩል ርቀት ሲመታ ባለቤቴ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ቈጠረችው፤ እስከ መቶ ደርሳም እንደገና ጀመረች።

ይህን ያነበብክ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እኅቴ፣ የሰማይ አምላክ ቤታችሁን በጤና ይሙላው፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ የሚጠይቃችሁ ወዳጅ አያሳጣችሁ፤ ለሐኪም እውነቱን የምትናገሩበትንም ድፍረት በጊዜው ይስጣችሁ። አሜን።