የቀዩ እንሰት ባለቤቶች

ኤልዳና ደስ ሲላት አፏ አያርፍም። በ2014 ዓ.ም. የእንሰት መዝገብ በኮምፒውተር መሥራት የጀመረች ሰሞን የጂንካ ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሳይጠይቋት ሰምተዋል። ዘዴው ዩኒቨርሲቲ እያለች ዲክሽነሪ ብለው ያስተማሯት ነው። በአንድ በኩል ቁልፉ፣ ማለትም የእንሰቱ ዓይነት ይገባል፤ በሌላ በኩል ያ ዓይነት ያለው ሰው ስም። ቁልፉን ሲሰጡት ስሙን ያወጣል።

ይህን ሁሉ የምትደክመው ለአክስቷ ለተናኜ ነበር። አጠውልግ የሚሉት በሽታ የተናኜን ጓሮ ጠራርጎ ሲጨርስ፣ ስታገባ እናቷ የሰጠቻትን ቀይ እንሰት እንኳ አልማረላትም። ሌላው ይተካል፤ ቀዩ ግን ከእናቷ የቀራት ብቸኛ ነገር ነበር።

ኤልዳና ከጂንካ በላይ ባሉት ቀበሌዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጓሮ ጓሮ ዞረች። ችግኝ መስጠትና መቀበል በአገሩ የቆየ ወግ ነውና ማንም ያለውን አልደበቃትም። ቅዳሜ ዕለት አክስቷን አጠገቧ አስቀምጣ «ቀይ» ብላ ጻፈች። አንድ ስም ብቻ ወጣ፤ ጉታ። ተናኜ ፊቷን አዞረች፤ የጉታ ቀይ እንሰት ታሞ ከተነቀለ ሳምንት ሆኖታል።

ኤልዳና ግን ለቀዩ ሦስት ሰው በማስገባቷ እርግጠኛ ነበረች። የጻፈችውን ፕሮግራም መልሳ ስታየው ገባት። ቁልፉ አስቀድሞ ካለ፣ አዲሱ ስም የቀደመውን አጥፍቶ ቦታውን ይይዛል። ይህንኑ ለአክስቷ አስረዳቻት።

ተናኜ ግን አልተዋጠላትም። «ሁለተኛው ሲመጣ አንደኛውን ለምን ታስወጪዋለሽ? አጠጋግተሽ አስቀምጫቸው እንጂ።»

ኤልዳና አክስቷን አቅፋ ሳመቻት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ በአንድ ስም ፈንታ የስም ዝርዝር ሰጠችው፤ አዲስ የሚመጣው ከነበሩት ኋላ እንዲሰለፍ። ከደብተሯ እያየች ሁሉንም እንደገና አስገባች። ከዚያም «ቀይ» አለች።

ኤርጎ፣ ተፈሪ፣ ጉታ።

ተናኜ የመጀመሪያውን ስም ስትሰማ ቀጥ አለች። ኤርጎ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጎረቤቷ ነበር፤ ጎጆ ሲወጣ የቀዩን ችግኝ ከጓሮዋ ቆፍራ የሰጠችው እሷ ራሷ ናት። ጨርሶ ረስታው ኖሯል።

«ደውዪለት» አለች፤ «የእናቴን እንሰት ልወስድ መጣሁ በዪው።»

ኤርጎ ችግኙን ቆፍሮ ጠበቃቸው። ሲመለሱ ኤልዳና መንገዱን ሙሉ ስታወራ፣ ተናኜ ችግኙን ታቅፋ ትስቅ ነበር። በሽታው ያልነካው መሬት መርጣ ተከለችው፤ ከዚያም ጭቃ በነካው እጇ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተች።

«በይ፣ ከጉታ ቀጥለሽ እኔንም ጨምሪኝ።»