ደበላ የቆረጠው ሸራ

ደበላ አየር ጤና ታፔላ ሲጽፍ የሸበተ ሰው ነው። ሁሉም ባነር በሚያሳትምበት ዘመን ብሩሽ ይዞ የቀረ ግትር ይሉታል፤ እውነትም ግትር ነው። ላሜራ ሲባክን ግን አይወድም። ጽሑፉን በጠመኔ ይነድፍና የተረፈውን ባዶ ጫፍ በመቀስ ይቆርጠዋል። ባዶ ላሜራ ሲያይ ያመዋል።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጁ ሌሊሴ ናት። ቀን የስልክ መለዋወጫ ትሸጣለች፤ ማታ ማታ በተዋሰችው ላፕቶፕ፣ ለጀማሪ በተሠራ የሥዕል ኮድ፣ ትእዛዙን መስመር በመስመር እየጻፈች፣ ሚኒባስ ትሥላለች። ሥራዋን አሠልጣኞች ከወደዱላት ነፃ የኮምፒውተር ሥልጠና ትገባለች፣ ከሱቁም ትገላገላለች። አባትና ልጅ የሚያወሩት ስለዚሁ ብቻ ሆነ።

«አባ፣ ይቺ የመጀመሪያዋ መስመር የሸራው መጠን ናት። ይሄ ወርዱ፣ ያ ቁመቱ።»

«የኔው ላሜራ በላ!» አለ ደበላ፤ ደስ ብሎት የሚሆነውን አጣ።

አንድ ቀን እሷ ሱቅ በዋለችበት ላፕቶፑን ከፈተ። ሚኒባሷ ግራ ጥግ ላይ ቆማለች፤ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። አንጀቱ አልቻለም። ስምንት መቶ የሚለውን ወርድ ሁለት መቶ አደረገው፤ ሸራው ሚኒባሷን ልክክ አድርጎ ያዘ። ልኩል ብሎ ዓይን ማጥፋት እንዲህ ነው። እሱ ግን ድንገት አይታው ደስ እንዲላት ብሎ ሳይነግራት ላፕቶፑን ዘጋው።

ማታ ሌሊሴ መብራት ሳይሄድባት ብላ፣ ሥራዋን ዳግመኛ ሳታየው ላከችው። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ነበር።

መልሱ መጣ፤ አልተቀበሏትም። ቁልፍ ሲጫኑ ሚኒባሷ ወዲያው ትጠፋለች፣ ሥራው አላለቀም ይላል። ሌሊሴ ደንግጣ ከፈተችው፤ ቁልፉን ተጫነች። ሚኒባሷ ወደ ቀኝ ንቅንቅ ብላ ከጠበበው ሸራ ወጣች። የመጀመሪያዋን መስመር አየችና ቀና አለች።

«አባ፣ አንተ ነህ?»

«ባዶው በዝቶ አየሁና ቆረጥኩልሽ።»

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«እሱ እኮ መንገዷ ነበር» አለች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት በያቸው! እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ!»

«አልፏል አባ። ሌሎቹ ጀምረዋል።»

ላፕቶፑን ለባለቤቱ መለሰች፤ ጠዋት ወደ ሱቋ ሄደች። ደበላ ልቡ ተሰብሮ ሰነበተ። አንድ ማታ እራት ቀርቦ ሳለ፣ እንደ ድሮው ብታወራው ብሎ፣ «እስቲ ያን የሸራ መጠን እንደገና አስተምሪኝ» አላት።

«ምን ያደርግልሃል?» አለችው። ክፋት አልነበረበትም፤ ደክሟት ነው።