እማየ የፈተለችው መጋረጃ

ገብስ ሲቆላ የሚወጣው ሽታ መጀመሪያ እርጥብ ሣር ይመስላል፤ ኋላ እየደረቀ፣ እየጠነነ ሄዶ አፍንጫ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ንፋስ መውጫ ገብቼ መኖር ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ በሶ ከሱቅ በላስቲክ ታሽጎ ስለሚገዛ በሰፈሬ ገብስ የሚቆላ ሰው እምብዛም የለም። በቀደም ግን ምንም ሳይቆላ፣ እሳትም ሳይነድ፣ ያ ሽታ መጣብኝ፤ ያመጣብኝም የስልክ ወሬ ነው።

የደወለው ሙሉጌታ ነው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም የነበረው የአያ ደምሴ የልጅ ልጅ። ባሕር ዳር ይኖራል፤ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ከነልጆቹ በአንድ ትልቅ ጀልባ ጭኖ ጣና ላይ ሊያዞር አስቦ፣ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፍቶ፣ እኔንም እዚያው ውስጥ ጨምሮኛል።

«እትየ፣ ካናቴራው እንኳ ታዟል። የእርስዎ ነጭ ይሁን ሰማያዊ?»

«እኔ ካናቴራ ለብሼ አላውቅም።»

«አሁን ይለብሱታላ! ብቻ በሶውን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅበት የለም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ጉዞው በጥር ስለሆነ፣ ገብሱን ከአሁኑ ያስቡበት።»

ወዴት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቅሁት።

«ዋናውማ አያቴ መጋረጃ ያስገባበት ገዳም ነው» አለኝ ደስ እያለው፤ «መጋረጃው ሥር ቆመን ፎቶ እንነሳለን።»

ስለ ሞተ ሰው ይህን መጻፍ ደግ አይደለም የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ይበሉ። መጋረጃው የአያ ደምሴ አልነበረም።

ያደግሁት ከአርብ ገበያ ከተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ፣ ሰባት ስምንት ቤት ተጠጋግቶ በሚኖርበት መንደር ነው። እማየ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ተቀብረዋል። እኔም ገና ዳዴ ሳልል ኩፍኝ ያዘኝና ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ በራፍ ላይ ሲቀመጥ፣ እሷ አዝላኝ ወጥታ፣ ጣና ላይ የገብርኤል ገዳም ወዳለበት ፊቷን አዙራ፣ «ገብርኤል፣ ይህችን ብቻ ተውልኝ፤ በእጄ ፈትየ መጋረጃ አመጣልሃለሁ፤ እሷንም አዝየ መጥቼ ከደጅህ አቆማታለሁ» ብላ ተሳለች። እኔ ተረፍሁ፤ ስለቱ ግን ጣና ሩቅ ሆኖ፣ ሴት ብቻዋን የምትሄድበት መንገድ ሳይሆን፣ ዓመት ዓመትን እየወለደ ሳይደርስ ቆየ። እኔ ስታመም ታያለች፤ እኔ ስስቅም ታያለች፤ ሁልጊዜ በዓይኗ ውስጥ ያልተከፈለ ነገር ነበር።

ወንዶቹ የገብርኤል ማኅበር ነበራቸው፤ በየወሩ በየቤቱ እየዞሩ ይጠጡ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አያ ደምሴ ነበር። አያ ደምሴ ሰው ፊት መቆም የሚወድ፣ ሳል እንኳ ሲስል ዙሪያውን አይቶ የሚስል ሰው ነበር። በሐምሌ ገብርኤል፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ ማኅበርተኛው እሱ ቤት እንደተሰበሰበ ተነስቶ፣ በጥር ሁላችንም፣ ሚስትም ልጅም ሳይቀር፣ ጣና ወርደን በጀልባ ተሻግረን ደሴቱን እንሳለማለን አለ። ሴቶቹ ከጓዳ እልል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ማን ከከብቱ ጋር ይቀራል፣ የማን አህያ ስንቅ ይጭናል፣ ጀልባ ላይ ሰው ሲያዞረው ምን ይደረጋል እየተባለ ክረምቱ አለቀ።

እማየ አላወራችም። ከቆላ የመጣ ጥጥ ከአርብ ገበያ ገዝታ፣ ፍሬውን ለይታ፣ ነድፋ፣ ባዘቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንዝርቷን ስታሾር፣ ዝናቡና እንዝርቱ አንድ ላይ ሲያንሾካሹኩ፣ እኔ እግሯ ሥር ተኝቼ እሰማ ነበር። ክሩ ሲበጠስባት በምራቋ ታያይዘውና «ይቅር በለኝ» ትል ነበር፤ ለማን እንደምትል አውቅ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ልቃቂቱን ተሸክመን አርብ ገበያ ወደሚኖሩት ሸማኔ፣ ወደ ሼህ ሁሴን ሄድን። ፈትሉን በጣታቸው እያሻሹ «ይህን ለማን ነው እንዲህ ያቀጠንሽው?» አሏት። ነገረቻቸው። ሼሁም፣ «ጂብሪል የእኛም ነው፤ ጥለቱን ከራሴ አደርግልሻለሁ» ብለው፣ በጥቅምት መጋረጃው ሲያልቅ በአንዱ ጫፍ እንደ ጅማት የቀጠነ ቀይ ጥለት ሸምነውበት አገኘነው። እማየ ቀዩ ወደ ላይ ቢሆን ነው የሚያምር ወይስ ወደ ታች እያለች ስንት ጊዜ ገልብጣ አይታዋለች።

የኅዳር ማኅበር የእኛ ቤት ተራ ነበር። እማየ ደግሳ፣ አቅርባ፣ እንደ ልማዱ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ገባች። ወንዶቹ በዚያ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ተሳሳቁ። ማንም ከጓዳ ወጥቶ ምን አላችሁ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ አውድማው ተነስቶ እህሉ ጎተራ ሲገባ የስንቅ ሥራ መጣ። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እኛ ግቢ ተሰብስበው ገብሱን ያረጥቡ፣ ይቆሉ፣ ይወቅጡ ነበር፤ የሁላችንም ፀጉር በአመዳም ዱቄት ነጭ ሆኖ፣ ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንቆም እንኳ ይከተለን ነበር። እቴ ጥሩነሽ፣ የአያ ደምሴ ሚስት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች።

«እኔስ ውሃውን በዓይኔ ሳላየው አላምንም» ትል ነበር ሙቀጫው ላይ ተደግፋ፤ «ደምሴ ያለው ሁሉ ከሆነማ እስካሁን እኔም ወይዘሮ ሆኜ በቅሎ ላይ ነበርሁ።»

«ዝም ብለሽ ውቀጭ» ይሏታል ሴቶቹ እየሳቁ።

እማየም ትስቅ ነበር። እሷን እንደዚያ ስትስቅ ያየሁት ያን ወር ብቻ ነው።

በጥር በእስቴ በኩል በእግር ተጉዘን፣ መንገድ ላይ አድረን፣ የጭነት መኪና አግኝተን ባሕር ዳር ገባን። ጀልባው ሲነሳ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እቴ ጥሩነሽ ውሃውን በእጇ ነክታ ቀመሰችውና «ጨው እንኳ የለው!» አለች። እማየ መጋረጃውን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ደሴቱን ብቻ ታይ ነበር። ጀልባው ከዳር ሲደርስ ተነስታ፣ «ነይ ልዘልሽ» አለችኝ። አዝላኝ ስትወርድ እግሮቼ ከጉልበቷ በታች ይንዠዋዠዉ ነበር።

«ይህን የምታህል ኮረዳ?» አለ አንዱ፤ ወንዶቹም ሳቁ።

«አዝየ ነው ያልሁት» አለች እማየ።

ከወደቡ ላይ አንድ አዛውንት መነኩሴ ቆመው ነበር። መስቀል አሳለሙንና፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ «እናቶቼ፣ እናንተ እዚሁ ናችሁ። ከዚህ በላይ ሴት አትወጣም፤ ከጥንት የኖረ የገዳሙ ሥርዓት ነው» አሉ። በእኒያ አባት ላይ ቂም የለኝም፤ በሥርዓቱም ላይ የምናገረው የለኝም። ሥርዓቱን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ያመጡን።

ሴቶቹ ለትንሽ ጊዜ አልገባቸውም ነበር። መጀመሪያ የገባት እቴ ጥሩነሽ ናት።

«ደምሴ፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁት።»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልሁህ!»

አያ ደምሴ ዙሪያውን አየና ፈገግ አለ። «በኅዳሩ ማኅበር የደብራችን መሪጌታ ነግረውናል። ታዲያ ያኔ ብንነግራችሁ ገብሱን ማን ይቆላልን ነበር?»

ወንዶቹ ሳቁ። የኅዳሩ ማኅበር እኛ ቤት ነበር። እማየ፣ እኔን እንዳዘለች፣ ዞራ አባየን አየችው። እሱ አልሳቀም፤ እውነት ለመናገር አልሳቀም። ያጣፋውን ኩታ ግን ፈትቶ እንደገና ያጣፋ ነበር።

ባለጀልባው፣ ቆብ የደፋ ወፍራም ሰውዬ፣ ነገሩ ከብዶት ጣልቃ ገባ። «ሴት የሚገባበትም አለ እኮ፤ ያ የሚታየው ነው፣ ቅርብ ነው። እነሱ እስኪያስቀድሱ አድርሻችሁ እመለሳለሁ።»

«ጀልባው ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አለ አያ ደምሴ፤ «ስንወርድ ብናጣውስ?»

ባለጀልባው ወደ አባየ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ሚስትህ አይደለችም?»

ውሃው የዳሩን ድንጋይ ሲልስ ይሰማ ነበር። አባየ አዎ ቢል ኖሮ፣ ያ ቀን፣ ከዚያም በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ሌላ ይሆን ነበር ብየ ስንት ዓመት አስቤአለሁ።

«ወንድሜ ያለው ይሁን» አለ።

እማየ ያኔ ከጀርባዋ አወረደችኝ። ጥቅሉን ለአባየ ሰጠችው። «ቀዩን ጥለት አሳያቸው» አለችው ብቻ። ወንዶቹ በዛፎቹ መካከል ተሰልፈው ሲወጡ ከታች ሆኜ አይ ነበር፤ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ አያ ደምሴ ቆሞ እጁን ዘረጋ፣ ነጩ ጥቅልም ከአባየ እጅ ወደ እሱ እጅ ሲያልፍ አየሁት። እማየም አይታዋለች።

እስኪወርዱ ድረስ ሴቶቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ በሶውን በውሃ በጥብጠው ለልጆቹ አጠጡ። እማየ አልቀመሰችም። ወንዶቹ ሲመለሱ ሁሉም የሚያወሩት ስለ አያ ደምሴ ነበር፤ አበው መጋረጃውን ተቀብለው፣ እጃቸውን ጭነው፣ በስሙ ጸልየውለት፣ ዘርህ ይባረክ ብለውታል።

«የት ሰቀሉት?» አለች እማየ አባየን።

«እንጃ። ደምሴ ነው የሰጣቸው።»

«ቀዩ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«እንጃ አልሁሽ።»

ከዚያ በኋላ እማየ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ክረምት በመጣ ቁጥር እኔ ስስል ሥራዋን ጥላ መጥታ ግንባሬን ትነካ ነበር። የነፍስ አባቷ፣ «ልጀ፣ ስለትሽ ደርሷል፤ እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ያውቃል» ሲሏት አዎ አባቴ ትላለች፤ እሳቸው ሲወጡ ደግሞ፣ «አዝየ ነበር እኮ ያልሁት» ትላለች። እኔ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን በአርባ ቀኑ ስቀብር፣ ለቅሶ የመጣው ሰው መካከል ተቀምጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «በእኔ ነው» አለች። እንዳይደለ ብነግራትም አላመነችኝም፤ ይህን ይዛ ሞተች።

አባየ ከእሷ በኋላ ብዙ ኖረ። ዓይኑ ደክሞ እኔ ዘንድ ሲጦር አበላው፣ አጥበው ነበር፤ አንድ ቀንም ስለዚያ ቀን አላነሳልኝም፣ እኔም ጉርሻ በእጄ ይዤ አላነሳሁበትም። አያ ደምሴ ግን መጋረጃውን እስኪሞት ድረስ አወራው፤ ልጆቹም ለልጆቻቸው አወረሱት።

ለሙሉጌታ መልሼ ደወልሁለት። «እዚያ ገዳም ሴት አይገባም፤ ታውቃለህ?» አልሁት።

«አውቃለሁ እትየ። ሴቶቹ ጀልባው ላይ ይቆያሉ፤ ሙዚቃ ይኖራል፣ ምሳም ይኖራል።»

«እነሱስ ያውቃሉ?»

«ሲቃረብ እንነግራቸዋለን። አሁን ከነገርናቸው ግማሹ ይቀራል፣ ስንቁንም ማን ያዘጋጃል?»

ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንደ አያቱ አይጮህም። የጎረቤቴ ልጅ ግሩፑ ላይ ድምፅ እንዴት እንደሚላክ አሳየችኝና፣ የሆነውን ሁሉ ከጥጡ ጀምሮ ተናገርሁ። ሴቶቹ ያን ዕለት ሲጽፉ፣ ሲጠያየቁ ዋሉ፤ በመጨረሻም ሴት ወደሚገባበት ደሴት የሚወስዳቸው ሌላ ጀልባ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተያዘላቸውም። ሙሉጌታ፣ «አያቴን በሰው ፊት አዋረዱት» ብሎ ጻፈልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ያኔ እናቶቻችን የሰሙት ገብሱ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እግራቸው ከውሃው ዳር ከቆመ በኋላ ነበር፤ የዛሬዎቹ ሲሰሙ ገብሱ ገና ጥሬ ነው። ይህ ለእማየ የሚጨምርላት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም ከሴቶቹ ጋር እሄድ እንደሆነ ጠይቀውኝ ገና አልወሰንሁም፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም፣ አዝሎ የሚያደርሰኝም የለም። አንድ ነገር ብቻ ግሩፑ ላይ ወንዶቹን ለምኛለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን መጋረጃ የሚኖር ከሆነ፣ ቀዩ ጥለት ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይተው እንዲነግሩኝ። ሁሉም አንብበውታል፤ እስካሁን እሺ ያለኝ የለም።