ከመጥረጊያው መኪና የታየ ፈገግታ

ሰው እጁን ሲዘረጋለት እሱ የሚያየው ያልተዘረጋውን እጅ ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው የቀረውን ጠባዩን ለማወቅ ብዙ አይደክምም። ቀኝ እጁን ለሰላምታ ይሰጥና ዓይኑን ወደ ሰውየው ግራ ኪስ ይልካል፤ እዚያ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ሲያረጋግጥ ነው "ደህና ነኝ" የሚለው። እህቱ፣ "ወንድሜ እኮ ጥላውንም መታወቂያ ሳይጠይቅ አያስከትልም" ትላለች።

ሥራው ሹፌርነት ነው። በትልልቅ የብስክሌት ውድድሮች ላይ ከሁሉም ኋላ የምትሄደውን ነጭ ሚኒባስ ይነዳል። ጣሪያዋ ላይ እውነተኛ መጥረጊያ ታስሮባታል፤ የወደቀውን፣ ጉልበቱ የከዳውን፣ "በቃኝ" ያለውን ሁሉ ጠርጋ የምትወስድ እሷ ናትና። ብስክሌተኞቹ መኪናዋንም ሹፌሩንም "መጥረጊያ" ይሏቸዋል፤ ለጋዎቹ ደግሞ ለእሱ "ጋሼ" ይጨምሩለታል። እዚያች መኪና ውስጥ የገባ ተወዳዳሪ ጀርባው ላይ የተሰካው ቁጥር ይነቀላል። ነቃዩ እሱ ነው። መርፌ ቁልፎቹን ሲፈታ የጎልማሳ ጀርባ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ በጣቶቹ ያዳምጣል። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሰውን የሚያምነው። የሚያለቅስ ጀርባ ምን ብሎ ይዋሻል?

ውድድር በሌለበት ወቅት ፀጉር ቤት ሲገባ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

"እስቲ አንተ ታውቃለህ፤ ከእነዚያ ታዋቂዎች እውነት ተግባቢው የትኛው ነው? ለደጋፊውም ለባልንጀራውም ጥሩ የሆነው?"

"ካሜራ ባለበት ነው በሌለበት?"

"በሁለቱም።"

"እሱ ገና አልተወለደም።"

ከኋላ የሚነዳ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። ጠዋት መነሻው ላይ ለሕፃን ሁሉ ሲፈርም የዋለው ኮከብ፣ ዳገቱ መሃል "ከመንገዴ ጥፊ!" ብሎ አንዲት አሮጊት ሲያስደነግጥ አይቷል። ፊቱ እንደ ተዘጋ በር የሆነው፣ ጋዜጠኞች ትዕቢተኛ የሚሉት ደግሞ፣ ካሜራ የጫነው ሞተር ሳይክል ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብሎ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለተቀመጠች ልጅ የውሃ ጠርሙሱን ሲያቀብል አይቷል። የፀጉር ቤቱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ "ይኸውልህ! ይኼኛው ጥሩ ሰው ነው" ቢሉት፣

"ክብደት እየቀነሰ ነዋ" አላቸው። "ዳገት አይደለም እንዴ?"

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በጎረምሳነቱ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር። በሙያው ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ፤ ሰው ሽንቱን ሊሸና መንገድ ዳር ሲቆም ጥለኸው አትሮጥም። ታዲያ አንድ ቀን ውድድሩን እየመራ ሳለ የልብ ጓደኛው ጠጋ ብሎ "ና እንሽና፣ እኔም ወጥሮኛል" አለው። ቆሙ። እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ገና ሲጀምር የጓደኛው ቡድን በሙሉ ተፈተለከ፤ ጓደኛውም ሳይሸና ተከተላቸው። ዋንጫው እንዲያ ሆኖ ቀረ። ሌላው ሰው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሲል እሱ "ያልጠረጠረ ቁምጣው ላይ ሸና" ይላል።

ዘንድሮ ከፊቱ ከሚጓዙት መካከል የእህቱ ልጅ ነበረበት። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ብስክሌት ያስጨበጠውም፣ ጉልበቱ ሲላጥ ያጠበለትም አጎቱ ነው። ይህ ብዙ ቀናት የሚፈጅ ጉዞ የልጁ የመጀመሪያ ትልቅ ውድድር ሲሆን፣ ቡድኑም ቁርጡን ነግሮታል፤ መጨረሻው ከተማ ድረስ ከዘለቀ ለከርሞ ይቀጠራል፣ መሃል ላይ ካቋረጠ ወደ ቤቱ።

እህቱ በየቀኑ ትደውላለች። "አደራህን፣ ያቺ መኪናህ ውስጥ እንዳይገባብኝ።"

"እኔ ምን ላድርግ? በሩን ልቆልፍ?"

"ቆልፍ!"

እሱን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከሌላ ቡድን የሆነ አንድ አንጋፋ ብስክሌተኛ ልጁ ላይ ሙጭጭ ብሎበታል። ሳቂታው ይሉታል። ሜዳ ላይ ንፋስ፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ነው። ደጋፊዎች በየዓመቱ "ከሁሉም ተግባቢው" ብለው የሚመርጡት እሱን ነው። ከልጁ ጋር ብስኩት ይካፈላል፣ ንፋስ በየት በኩል እንደሚመጣ ይነግረዋል፣ "ወንድምዬ" ይለዋል።

"ምኑ ነህ?" አለው አጎት ልጁን።

"ጋሼ ደግሞ! ሰው ዝም ብሎ ጥሩ መሆን አይችልም?"

"ይችላል። ሲሞት።"

የተራሮቹ ቀን ደረሰ። በእንዲህ ያለ ቀን ዳገት የማይችሉት ሁሉ ከኋላ ተሰባስበው፣ እየተደጋገፉ፣ የሰዓት ገደቡ ሳያልፍባቸው ለመድረስ ይጥራሉ። ይህን ስብስብ "አውቶቡስ" ይሉታል። ከገደቡ የዘገየ ይባረራል። አውቶቡሱን የሚመራው ሳቂታው ነበር፤ ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው፣ የሚቀልደውም እሱ።

ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን አሞታል። ሁለተኛው ዳገት አጋማሽ ላይ ከአውቶቡሱ ተነጠለ። አሁን ከፊቱ ጓደኞቹ፣ ከኋላው የአጎቱ መኪና፤ በመሃል እሱና ላቡ ብቻ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ወደ ልጁ በቀረበች ቁጥር ልጁን የምትውጠው መሰለው።

"ተጠጋ እንጂ" አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ዳኛ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳታነሳ። "ሥራህ አይደለም?"

"ሞተሩ ሞቆብኛል።"

"ሞተሩ ነው አንተ?"

ያኔ ሹፌሩ ከፊት አንድ ነገር ተመለከተ። ሳቂታው ዞር አለ። እጁን አነሳ። አውቶቡሱ በሙሉ፣ አቤት! ክንፉን እንዳጠፈ የወፍ መንጋ ባንድ ጊዜ ዝግ አለ። ሳቂታው ራሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ከልጁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነ፤ ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ነገረው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

"ምን እያለው ነው?" አለ ሹፌሩ።

"አይግፋው እንጂ የፈለገውን ይበለው። መግፋት ነው የተከለከለው።"

"ልጁን ከጠበቁ ሁሉም ይዘገያሉ። እሱም ይባረራል።"

"ጥቂት ሆነው ቢዘገዩ እናባርራቸዋለን። ይኼን ሁሉ ሰው አባረን ነገ ማንን እናወዳድር? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?"

"ሸረሪቷ ድሩን የምታደራው ለራቷ ነው።"

ዳኛዋ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ብዙ ሆነው መዘግየታቸው እንደሚያድናቸው ገባው። ያልገባው የልጁ ነገር ነው። ያለ እሱም ብዙ ናቸው። አንድ የታመመ ልጅ ለአውቶቡሱ ምን ይጨምራል? ጥርጣሬው እንደ ዝንብ አንዱ ጋ ሲያርፍ ሌላው ጋ እየተነሳ ተራራውን አብሮት ወጣ።

ገደቡ ካለፈ በኋላ ደረሱ፤ ግን ሁሉም ባንድነት ደረሱ። ዳኞቹ ድንኳን ውስጥ ገብተው ተጨቃጨቁ። ሲወጡ ማንም አልተባረረም። ልጁ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ይስቃል፤ እናቱ ስልኩ ውስጥ ሆና ታለቅሳለች።

ሹፌሩ ሳቂታውን ፍለጋ የቡድኖቹ መኪኖች ወደ ቆሙበት ግቢ ሄደ። በባልዲ ውሃ ጫማውን ሲያጥብ አገኘው።

"ለምን ጠበቅከው?"

"ጋሼ መጥረጊያ! ሰላምታ ይቅደም እንጂ።"

"ሰላም። ለምን ጠበቅከው?"

ሳቂታው ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ ፈገግታው ወረደ። ሹፌሩ ደነገጠ፤ ያለ ፈገግታ ያ ፊት ያረጀ ነበር፣ መብራቱ እንደጠፋ ሱቅ።

"ለማንም አይናገሩብኝም?"

"ሳልሰማ ቃል አልገባም።"

"እግሬ አልቆ ነበር። ራሴ ባወጣሁት ፍጥነት ልጆቹ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው። 'ደክሞኛል፣ ቀስ በሉልኝ' ብላቸው ቀስ ይሉልኝ ነበር፤ ነገ ግን ሽማግሌው አበቃለት ይሉና ወሬው ቡድኔ ጆሮ ይገባል። ዞር ስል የእርስዎን ልጅ አየሁ። 'ልጁ ታሟል፣ እንጠብቀው' አልኳቸው። ለራሴ ልለምናቸው ያልደፈርኩትን ለእሱ አደረጉ። በሱ ስም ነው ዳገቱን የወጣሁት።"

ሹፌሩ ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ይመስለው ነበር። ሲሰማው ግን ደስ አላለውም። የሆነ ነገር ጎረበጠው።

"ለምን ነገርከኝ?"

"ጠየቁኝ እኮ!"

"ሰው ስለተጠየቀ ነው እውነት የሚናገረው? ምናልባት ለእሱ ብለህ ነው የቆምከው። ውለታ እንዳይከብደን ብለህ ይሆናል ይኼን የፈጠርከው።"

ሳቂታው ጫማውን ባልዲው ውስጥ ጥሎ በሳቅ ፈረሰ። "ኧረ ጋሼ! ደግ ሠራሁ ብል አያምኑ፣ ራሴን አዳንኩ ብል አያምኑ፣ ታዲያ ምን ልበልዎት?"

ያን ጊዜ ልጁ ፀጉሩን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ መጣ። ሳቂታውን አቅፎ ትከሻውን ሳመው። ሳቂታውም ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ ሹፌሩን አንዴ አይቶት፣ ወደ ውስጥ ገባ።

"አመሰገንከው ጋሼ?"

ሹፌሩ የልጁን ፊት ተመለከተ። ዛሬ ሰዎች ለእሱ ሲሉ እንደቆሙ ያመነ ፊት ነው፤ ነገ ሌላ ዳገት አለበት። የሚያውቀውን ቢነግረው ያ ፊት ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ የአጎቱ ፊት ነው የሚሆነው።

"ስለ ዳገቱ አወራን" አለ።

"ስለ ዳገቱ ምን?"

"ዳገት ነው አልን።"

ልጁ ዓይኑን አጠበበ። "ጋሼ፣ የደበቅከኝ ነገር አለ። ምን ብሎህ ነው?"

"ነዳጅ ልቀዳ።"

"ጋሼ!"

በታጠቡት ብስክሌቶች መካከል፣ መሬት ላይ የተዘረጉትን የውሃ ቱቦዎች እየተሻገረ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሄደ። ልጁ ደግሞ ጠራው። ሰውየው እርምጃውን ፈጠን አደረገ እንጂ ዞር አላለም።