የመብራት ፍጆታ የጨመረበት ሰፈር

በሲሚንቶ ፋብሪካው ሥር ያለው፣ ያደገችበት ሰፈር «ዶክተሯ» ይላታል። ዶክትሬቴ በኢኮኖሚክስ ነው ብትል ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ ብቅ ባለች ቁጥር የሚያስል ልጅ ይዘውላት ይመጣሉ። አንድ ቀን «እኔ የማጠናው የአገር ገቢ ነው» ስትል አንዷ ጎረቤት «ታዲያ አገር አይታመምም?» ብላ አሳቀችባት።

ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ከፋብሪካው ምድጃ ፊት ቆሞ፣ ላቡን አፍስሶ አስተማራት። ጡረታ ከወጣና ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሥራ ካጣው ጎልማሳ ልጁ ጋር ይኖራል። እሷ ውለታውን ባትረሳም፣ ሥራ እየበዛባት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምትጠይቀው በስልክ ብቻ ሆነ። ድምፅህ ደከመብኝ ስትለው «ጉንፋን ነው» ይላታል፤ ማመኑ ይቀላት ነበርና ታምነዋለች።

የምትሠራበት ተቋም፣ ፋብሪካው አዲስ ምድጃ ቢጨምር ለሰፈሩ ይበጅ እንደሆነ እንድታጠና አዘዛት። የነዋሪውን ገቢ የሚያሳይ መረጃ ስላልነበረ፣ በሙያው እንደተለመደው የየቤቱን የመብራት ፍጆታ በገቢ ፋንታ ወሰደች። ኑሮው የተሻሻለ ሰው ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ ቴሌቪዥን ይገዛል፤ ቆጣሪው ይሮጣል። የዚያ ሰፈር ቆጣሪ ደግሞ ከከተማው ሁሉ ይበልጥ ይሮጥ ነበር። ስለዚህ ጭሱ ቢኖርም ኑሮው ተሻሽሏል፣ ምድጃው ይተከል ብላ ጻፈች። የወንድሟ ልጅም ሥራ ሊያገኝ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ሰፈርን ማወቅ እንዴት ያለ ምቾት ነው!

ጥናቱን ለኮሚቴው ከማቅረቧ በፊት ወንድሟን ላብስረው ብላ ሳትደውል ሄደች። በሩን የከፈተላት ልጁ ሲያያት ደነገጠ። ጓዳ ስትገባ ከአልጋው አጠገብ አንድ ማሽን ያጓራል፤ ቱቦው ወንድሟ አፍንጫ ላይ ነው። ምንድነው ብላ ሳትጠይቅ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ዝም አለ፤ ወንድሟም አየር አጥሮት አፉን ከፈተ። ልጁ አባቱን አዝሎ ወጣ፤ እሷም ማሽኑን ታቅፋ ተከተለችው። መንገድ ላይ ከየደጁ ሰው ሽማግሌውን በጋሪ፣ ሕፃኑን በጀርባው አድርጎ፣ የወንድሟን የመሰለ ማሽን ተሸክሞ ጄኔሬተር ወዳለው መድኃኒት ቤት ይጣደፋል። ለምደውታልና የሚጮህ የለም። በጥናቷ ውስጥ ኑሯቸው የተሻሻለላቸው ሰዎች እነዚህ ነበሩ። አፈረች፤ ማልቀስም አማራት።

ማሽኑ ተሰክቶ ወንድሟ ትንፋሹ ሲመለስ «ለምን ደበቅከኝ?» አለችው።

«ብነግርሽ ምድጃውን ታስከለክያለሽ» አላት ቀስ ብሎ። «አንቺን ያስተማረሽ እኮ ምድጃ ነው፣ እህቴ። ልጄንም ያብላው፤ ተይው።»

ነጠላዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ኮሚቴው ፊት ስትቆም ግን የጻፈችው ስህተት መሆኑን ተናገረች፤ መብራቱን የሚበላው ምን እንደሆነም ሳትደብቅ አስረዳች። ሰብሳቢው ምን ነካሽ፣ እንዲህ ያማረ ጥናት ይበላሻል ወይ ብለው አዘኑባት። የሆነው ሆኖ የነዋሪው ጤና እስኪመረመር ምድጃው እንዲቆይ ተወሰነ።

ወንድሟ አልተቆጣትም። እሷም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጁ አልጠፋችም። አንድ ቅዳሜ በሩን የከፈተችላት ያቺ ቀልደኛ ጎረቤት ነበረች፤ የልጁ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

«ልጁስ?» አለችው ወንድሟን።

«ሥራ አገኘ፤ ሌላ ከተማ» አላት። ቱቦውን አስተካክሎ ትንሽ ተነፈሰ። «ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ምድጃ ላይ መደቡት።»